ምዕራፍ ሰባት፦ ሌሊት ከቦሌ፣ ማለዳ ሮም

የአውሮፕላን ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ነው። አንዱ ነገር አልቆ ሌላው በሚጀመርበት ቦታ ነው መንገደኛ የሚቸገረው፦ ከቤት ወደ ኤርፖርት፣ ከአውሮፕላን ወደ ኢሚግሬሽን፣ ከሻንጣ መቀበያ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ ማደሪያ። እነዚህ መሻገሪያዎች ላይ ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ አጥቷል፣ ሻንጣ ይጎትታል፣ ዙሪያውን የማያውቀው ቋንቋ ይነገራል። በዚያ ሰዓት የሚሰጥ ውሳኔ ገንዘብም ጊዜም ያስከፍላል። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ምክር አንድ ነው፦ ደክሞዎት የሚወስኑትን ሁሉ፣ ሳይደክሙ ቤትዎ ሆነው ይወስኑ።

ምክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ እውነተኛ መንገድ ይዘን እንሂድ፤ ከአዲስ አበባ ሮም። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። በቀጥታ በረራ ስድስት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ጉዞ በመሆኑ ከሌሊት እስከ ማለዳ ያለውን ችግር ሁሉ በአጭሩ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሮም እንደ ሌሎቹ የአውሮፓ ከተሞች አይደለችም፤ የእኛ ታሪክ አደባባዮቿ ላይ አለ።

ቲኬቱ ላይ ያለው ቀን

ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች አብዛኞቹ የሚነሱት በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚሁ ላይ ነው። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ሌሊቱን የምንቆጥረው ካለፈው ቀን ጋር ነው። ቲኬት ግን ቀኑን የሚቀይረው ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ቲኬትዎ «ማርች 15፣ 00:30» የሚል ከሆነ፣ የሚሳፈሩት ማርች 14 ማታ ወጥተው፣ በዚያው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማርች 15 ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው።

ቲኬቱን በገዙበት ቀን አንድ ወረቀት ያውጡና በራስዎ አቆጣጠር ሦስት ነገር ይጻፉበት፤ ከቤት የሚወጡበትን፣ ቦሌ የሚደርሱበትን፣ አውሮፕላኑ የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት። የዕለቱንም ስም ይጨምሩ፤ «ማርች 14» ከማለት «ቅዳሜ ማታ» ማለት ለቤተሰቡም ለሾፌሩም ይበልጥ ግልጽ ነው። ለ00:30 በረራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል። ስንብቱን ቤት ይጨርሱት። ከበረራው በፊት ያሉት ሦስት ሰዓታት ለፍተሻ፣ ለሻንጣ ማስረከቢያና ለኢሚግሬሽን ሰልፍ የተሰጡ ናቸው፤ በር ላይ ከሸኚ ጋር የሚባክን ግማሽ ሰዓት ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት መሆኑንም ያስታውሱ። ሮም በበጋዋ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ በክረምቷ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የሚቀበልዎት ሰው ካለ የሮምን ሰዓት ይንገሩት።

እናት ወይም አባት ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ፣ ልጆች ቀድመው የዊልቸር እርዳታ ይጠይቁላቸው። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ መነገር አለበት። ዋናው ጥቅሙ ከመራመድ ማዳኑ ብቻ አይደለም፤ ከአውሮፕላኑ በር እስከ መውጫው ድረስ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አብሯቸው ይሆናል።

ወረቀቶች

ጣሊያን የሸንገን አገር ናት። የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ ቪዛው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ተለጣፊውን በደንብ ያንብቡ። ለቪዛው የሚጠየቀው የጉዞ የጤና መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የመድኑን ወረቀት፣ የማደሪያ ማረጋገጫውንና የመመለሻ ቲኬቱን በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የድንበር ሹሙ ቪዛ ካለዎትም በኋላ እነዚህን የመጠየቅ መብት አለው፤ ወረቀቱ ጭነት ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በዚያ ሰዓት እጅዎ ላይ የለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ጉዳይ አለ። ሮም ወይም ሌላ የሸንገን ኤርፖርት ላይ አውሮፕላን ለውጦ ወደ ሌላ አገር ብቻ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ከኤርፖርቱ ባይወጣም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። እንደ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አገሮች ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ነፃ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ፤ ይህንንም ቲኬት ከመግዛት በፊት ማጣራት ነው። ርካሽ ቲኬት አግኝቶ ቦሌ ላይ መመለስ ከሁሉ የሚመር ኪሳራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የአውሮፓ አገሮች የመግቢያና የመውጫ ምዝገባውን በኮምፒዩተር ማድረግ ጀምረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ አሻራና የፊት ፎቶ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ሰልፉ ሊረዝም እንደሚችል አስበው የመጀመሪያውን ቀጠሮ ራቅ አድርገው ይያዙ።

ሻንጣ

ሻንጣ ሲታሰር የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ኪሎ ነው። ከኪሎው በፊት ግን ምን እንደሚከለከል ይወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ መንገደኛ እጅ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲገባ አይፈቅድም። ይህ ማለት ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብና በዕቃ የታሸገ ዶሮ ወጥ ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው። እናት ቀናት የደከሙበት ቅቤ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲጣል ከማየት ቀድሞ መተው ይሻላል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ የተቆላ ቡናና የተፈጨ በርበሬም ችግር የለባቸውም። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ግን ከጥቂቶቹ በቀር የጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ።

በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ያድርጉ። ፓወር ባንክ በተቃራኒው ጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ሰው ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ መሆን አለበት። የሚወስዱትን መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ልብስም በእጅ ይያዙ፤ ጭነቱ ቢዘገይ የመጀመሪያው ቀን አይበላሽም።

ሻንጣ ሲያስረክቡ ሠራተኛው የሚለጥፈውን ወረቀት ይመልከቱ። የሮም ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ምልክት «ኤፍ ሲ ኦ» ተብለው የሚነበቡት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው። እነሱ ካልተጻፉ እዚያው ይጠይቁ። የሚሰጥዎትን ቁራጭ ወረቀት አይጣሉ። ሻንጣው ሮም ላይ ካልመጣ ወይም ተሰብሮ ከመጣ፣ ከአዳራሹ ሳይወጡ የሻንጣ ጉዳይ ቢሮው ላይ አስመዝግበው ማስረጃ ይቀበሉ። ለተጎዳ ሻንጣ የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርበው በ7 ቀን ውስጥ ነው።

ብር ውጭ አገር የሚመነዝርልዎት የለም፤ ዩሮውን ባንክ ሄደው ቀደም ብለው ይግዙ፤ ሲገዙም ባለ 10 እና ባለ 20 ኖቶች ይጠይቁ። ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ የያዘ ሰው ጉምሩክ ላይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማ

ፊዩሚቺኖ፣ በሙሉ ስሙ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ኤርፖርት፣ ከመሀል ሮም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሌሊቱ በረራ የሚደርሰው ገና ሳይነጋ ወይም ሲነጋጋ ነው። ከመውጫው በር ሲወጡ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያሉ የሚቀርቡ ሰዎች አሉ። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ አመስግኖ ማለፍ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ደንበኛ አይፈልግም።

አራት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ነው፤ የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ጣቢያ ያደርሳል፣ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ያስከፍላል። ሁለተኛው 8 ዩሮ የሚያስከፍለው የክልሉ ባቡር ነው፤ ቴርሚኒ አይገባም፣ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲዬንሴና በቲቡርቲና በኩል ያልፋል። ማደሪያዎ ትራስቴቬሬ ከሆነ ይኸኛው ርካሽም ቅርብም ነው፤ ቴርሚኒ ከሆነ ግን ርካሽ ነው ብለው ቢሳፈሩበት እንደገና መለወጥ ይኖርብዎታል። ሦስተኛው አውቶቡስ ነው፤ ከሁሉም ይረክሳል፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ግን አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አራተኛው ታክሲ ነው።

ለታክሲ የሮም ማዘጋጃ ቤት ቁርጥ ዋጋ አውጥቷል፤ ከፊዩሚቺኖ ወደ ጥንታዊው የአውሬሊያኖስ ቅጥር ውስጥ ለሚገባ ጉዞ በ50ዎቹ ዩሮ ውስጥ የሚገኝ፣ ሻንጣንም የሚጨምር ዋጋ ነው። የሚከፈለው በሰው ቁጥር ሳይሆን በመኪና ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ቤት ይሥሩት። ብቻውን የሚሄድ ሰው በባቡር 14 ዩሮ ይከፍላል፤ አራት ሆነው የሚሄዱ በባቡር 56 ዩሮ ሲከፍሉ፣ በታክሲ ያንኑ በሚጠጋ ዋጋ እስከ ሆቴሉ በር ይደርሳሉ። መኪናው ነጭ ይሁን፣ በሩ ላይ «ሮማ ካፒታሌ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ይኑረው። የፊዩሚቺኖ ከተማ ታክሲዎች የራሳቸው ታሪፍ ስላላቸው ለይተው ይግቡ። ከመነሳትዎ በፊትም የሆቴሉን አድራሻ በላቲን ፊደል የተጻፈበትን ወረቀት ለሾፌሩ አሳይተው ዋጋውን ያረጋግጡ።

የወረቀት የባቡር ቲኬት የገዛ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በጣቢያው ማሽን ማስመታት አለበት። ቲኬት እያለ ያለማስመታት ቅጣት ያስከትላል፤ «አላወቅሁም» ማለትም አያድንም።

የመጀመሪያው ጠዋት

ሆቴሎች ክፍል የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ማለዳ የደረሰ መንገደኛ ሎቢ ላይ ተቀምጦ ሰባት ሰዓት መጠበቅ የለበትም። ሻንጣውን ለሆቴሉ ያስረክብ፤ ክፍል ሳይደርስም ያስቀምጡለታል። ካልሆነም ቴርሚኒ ጣቢያ ውስጥ በክፍያ ሻንጣ የሚጠብቅ ቢሮ አለ።

ከዚያ ማለዳውን ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ይስጡት። ከቴርሚኒ በሜትሮ «ኤ» መስመር ኦታቪያኖ መውረድ ነው። ባዚሊካው የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ አደባባዩን የሚሞላው ሰልፍ በዚያ ሰዓት የለም። ረቡዕ ጠዋት ግን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ ባዚሊካው እስከ እኩለ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ለሴቶች ቦርሳ ውስጥ የምትያዝ አንዲት ነጠላ እዚህ ላይ ሥራዋን ትሠራለች።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የእኛ ቦታ አለ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስተስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1479 ለግብፅና ለኢትዮጵያ መነኮሳት ሰጡ። በዚያ የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ በማተሚያ አወጡ። የኢትዮጵያ ኮሌጅም ዛሬ እዚያው ግቢ ነው። ወደ ግቢው መግባት የሚቻለው በአስጎብኚ ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጉልበት ያለው ሰው ግን ወደ ባዚሊካው ጉልላት በ551 ደረጃ ወጥቶ ግቢውን ከላይ ማየት ይችላል።

የአበበ መንገድ

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከሁሉ የሚበልጠው የሮም የእግር መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሚጀምረው ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የተጀመረው እዚህ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ከኮረብታው ወርደው በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና ቀጥ ይበሉ፤ በስተቀኝ የጥንቱ የሮም አደባባይ ፍርስራሽ አለ፤ መጨረሻው ላይ ኮሎሲየም ይቆማል። ከጎኑ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት የዚያ ሩጫ መጨረሻ ነው። ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩት መንገድ መጥቶ አበበ የገባው በዚህ ቅስት ሥር ነው።

አሁን በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ወደ ደቡብ ይቀጥሉ። መንገዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ያደርሳል። ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። አበበ ሲሮጥም በአጠገቡ አልፏል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 የሰላም ውል ልትመልሰው ግዴታ ገብታ ሳለ ሐውልቱ ተነቅሎ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ አክሱም ላይ ዳግም የቆመው ደግሞ በ2008። ፊት ለፊቱ ያለው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚሠራበት ሕንፃ የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ ከአደባባዩ መሄዱ በራሱ የሚታይ ነገር ነው። ልጆች ይዞ የሄደ ሰው እዚህ ቆሞ ታሪኩን ይንገራቸው፤ ከዚያ በቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ በሜትሮ «ቢ» መስመር ወደ ቴርሚኒ ይመለሱ።

ቴርሚኒም ዝም ብሎ ጣቢያ አይደለም። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ አባ ነጋ ጦር ለወደቁ የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰየመ ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በአትክልት ውስጥ ቆሟል። በፋሺስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው በዚያ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፍ መዝዞ ቁጣውን የገለጸው እሱን አይቶ ነው። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ይገኛል።

ኮሎሲየም ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ቲኬቱ ስምና ሰዓት የተጻፈበት ስለሆነ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ይግዛ፤ ሲሄድም ፓስፖርቱን ይያዝ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች፣ ኮሎሲየምም ጭምር፣ በነፃ ይከፈታሉ፤ ሰልፉ ግን እጅግ ረጅም ነው። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ነው።

ኪስና የከተማው ደንብ

የሮም የከተማ ቲኬት ከመጀመሪያው ማስመታት በኋላ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ በአውቶቡስ እንደልብ፣ በሜትሮ አንድ ጊዜ። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና «ኤ» ሜትሮ ኪስ አውላቂ የሚበዛባቸው ናቸው። ፓስፖርትና ገንዘብ ከልብስ በታች፣ ስልክ ከፊት ኪስ ይሁን፤ በር ሲዘጋ ከሚገፋ ሰው ራቅ ይበሉ።

ውሃ አይግዙ፤ በየጎዳናው ከ2,000 በላይ የሕዝብ ቧንቧዎች አሉ፣ ውሃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። ቡና በቆሙበት ቢጠጡ ዋጋው ተቀምጠው ከሚጠጡት ያንሳል። በእስፓኝ አደባባይ ደረጃ ላይ መቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል። ጎዳና ላይ የታዋቂ ድርጅት ስም የተለጠፈበት የውሸት ቦርሳ የገዛም ይቀጣል።

ሲመለሱ

የመመለሻው ቀን የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከመሄጃው አያንስም። በጣሊያን የትራንስፖርት አድማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሕጉ አስቀድሞ እንዲነገር ስለሚያዝ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የሆቴሉን ሠራተኛ ይጠይቁ። ከአንድ መደብር ከ70 ዩሮ በላይ የገዛና ከኅብረቱ ውጭ የሚኖር ሰው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ አለው፤ ሲገዛ ቅጹን ይጠይቅ፣ ኤርፖርት ላይም ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት ዕቃውን ለጉምሩክ ያሳይ።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር በሚነሳ በረራ ላይ መንገደኛን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ ቁጥር 261። አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ ከሮም ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን በአየር መንገዱ ጥፋት ከ4 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከደረሰ መንገደኛው 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ ግማሹ ሊቀነስ ይችላል። በመጠባበቂያው ጊዜ ምግብ፣ ማደር ካስፈለገም ማደሪያ ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ነውና እስከ ቤት ድረስ ይያዝ።

እንግዲህ ከመነሳትዎ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ማታ ቁጭ ይበሉ። የቤት መውጫ ሰዓትዎን፣ የሆቴሉን አድራሻ፣ የትኛውን ባቡር ወይም ታክሲ እንደሚይዙ፣ ሻንጣዎን የት እንደሚያስቀምጡና የመጀመሪያውን ጠዋት የት እንደሚያሳልፉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ወረቀቱን ለራስዎ ይያዙ፣ ቅጂውን ለቤተሰብ ይተዉ። ለቀሩት ቀናት ምንም አይጻፉ። አምስቱ ነገሮች ከተወሰኑ የቀረውን ከተማዋ ራሷ ታሳይዎታለች፤ እርስዎም የሚያይ ዓይንና የሚራመድ እግር ይኖርዎታል።